በሰው ካርድ

የሆስፒታል አንሶላ የሚያልቀው ከመሃሉ ነው። ዳርና ዳሩ ገና አዲስ ሳለ፣ በሽተኛ የሚገላበጥበት መሃሉ ይሳሳና ወደ መስኮት ሲይዙት ብርሃን ያሳልፋል። ሰፊዋ እንዲህ ያለውን አንሶላ አትጥለውም። ከራስጌ እስከ ግርጌ ለሁለት ትሰነጥቀውና ጠንካራዎቹን ዳሮች ወደ መሃል አምጥታ ታጋጥማቸዋለች፤ የሳሳውን ወደ ዳር አውጥታ ትቀመቅመዋለች። ከበሽተኛው ጀርባ ሥር አንዲት ቀጭን ስፌት ትቀራለች እንጂ አንሶላው ገና ብዙ ያገለግላል።

የዚያን ቀን ጠዋትም እጇ በዚሁ ሥራ ተይዞ ነበር። ግራ እጇ ጨርቁን ይስባል፣ ቀኝ እጇ ስፌቱን ይደለድላል፣ እግሯ የመኪናውን መርገጫ ይረግጣል። ጆሮዋ ግን ኮሪደሩ ላይ ነበር። የአዋላጇን የላስቲክ ጫማ ኮቴ ትጠብቃለች። ልትጠይቃት የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ጥያቄውን በሆዷ ይዛ ሰንብታለች።

በሆስፒታሉ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ክር የዞረበት መርፌ ሁልጊዜ ኮሌታዋ ላይ ስለምትሰካ «መርፌ» ይሏታል። የሕፃናት ክፍል መጋረጃ ልትሰቅል ስትገባ አንዷ ነርስ «መርፌ መጣች!» ካለች ልጆቹ በአንድ አፍ ያለቅሳሉ። እሷም በሩ ላይ ቆማ «ኧረ እኔ የጨርቅ ነኝ፣ የሰው አይደለሁም!» እያለች ትምላለች። ቀልዱ ቢያረጅም ነርሶቹ አልተዉትም፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም።

ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ይሁን እንጂ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አልነበረችም። እንደ አጣቢዎቹና እንደ ጽዳቶቹ ሁሉ የኮንትራክተር ሰው ናት። ኮንትራክተሩ በየጊዜው ሲለዋወጥ እሷና የስፌት መኪናዋ ግን ከልብስ ማጠቢያው ጎን ካለችው ጠባብ ክፍል አልተነቃነቁም። ባሏ ገና ልጃቸው ጡት ሳትጥል ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ልጇን በዚያች ክፍል ውስጥ፣ በጨርቅ ክምር ላይ እያስተኛች ነው ያሳደገቻት።

የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሲታመም በካርዱ በነጻ ይታከማል። የኮንትራክተር ሰው ከመንገድ እንደመጣ ሰው ተሰልፎ፣ ከፍሎ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ የቆየ ልማድ ነበር። አጣቢዋን ጆሮዋን ሲያማት የፋርማሲዋ ልጅ ካርዷን ታውሳታለች። የጽዳቷን ደም የላቦራቶሪው ሰው እዚያው በምትሠራ እኅቱ ካርድ ያስመረምርላታል። ያዋሰ አይናገርም፣ የተዋሰም አያወራም። ሐኪሞቹም ያውቃሉ፤ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ደግነት ነበር እኮ። ማንም እንደ ጥፋት አልቆጠረውም።

መርፌ የምትዋሰው የአዋላጇን ካርድ ነበር። አዋላጇና እሷ እንደ ልጅነት ወዳጆች ናቸው። የመርፌን ልጅ ያዋለደችው፣ እትብቷን የቆረጠችው እሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የምሳ ሰዓት፣ ይህችው አዋላጅ የስፌት ክፍሏን በር ከፍታ «ነይ እስቲ፣ እንደ አንሶላሽ ሳትሳሺ ልይሽ» አለቻት።

«ምኔን ነው የምታይው?»

«የማህፀን በርሽን ነዋ! በኛ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ መታየት አለባት። እኔም ሰሞኑን ታይቻለሁ።»

መጋረጃ ጋርዳ ናሙናውን ወሰደችላትና በራሷ ካርድ ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። መርፌ ቀሚሷን እያስተካከለች «ውጤቱስ?» ስትላት፣ «ካልጠራሁሽ ደህና ነሽ ማለት ነው» አለቻት።

አልጠራቻትም። ይልቁንም ከሳምንታት በኋላ አዋላጇ ራሷ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። በካርዷ መጥፎ ውጤት መጥቶ ነበር። ካንሰር ሊሆን የሚከጅል ነገር፣ ቶሎ መታየት ያለበት። መርፌ መኪናዋን አቁማ አቀፈቻት፤ በአንሶላ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች «እኔን ያድርገኝ፣ እኔን!» አለች። ያን ሰሞን ምግብ አልወርድ ብሏት ከሳች።

ከዚያ ትልቁ ሐኪም አዋላጇን ደግሞ መረመራት። ንጹሕ ናት። ሌላም ጊዜ አየ፣ አሁንም ንጹሕ። «ላቦራቶሪ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ወደ ሥራሽ ተመለሺ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አዋላጇ በደስታ ከረሜላ ገዝታ ለክፍሉ ሁሉ አደለች። ልብስ ማጠቢያውም ድረስ መጣች። መርፌ ሁለት ከረሜላ ወስዳ ጉንጯን ሳመቻት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

መድማት ሲጀምራት መርፌ የዕድሜ ነገር ነው አለች። ሲብስ ደግሞ ክብደት አንስቼ ነው አለች። በመጨረሻ ልጇ ጎትታ አመጣቻት፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም ካርድ አወጣች። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን ሲነግራት ወረቀቱን እንጂ እሷን አላየም። የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ከቦታው አልፎ ሄዷል፤ ጨረር ያስፈልጋል፤ የጨረሩ ወረፋ ደግሞ ረጅም ነው። «ይህ በአንድ ጀምበር የበቀለ አይደለም» አላት። «ከዓመታት በፊት ታይተው ቢሆን ኖሮ በትንሽ ሕክምና ተቃጥሎ ያን ዕለት ቤትዎ ይገቡ ነበር። ታይተው አያውቁም?»

መርፌ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የሰው ካርድ ነገር ነውና አልተናገረችም። ወደ ቤት ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነበር፤ የሚያልፈውን ሱቅ ሁሉ እያየች ያ ከረሜላ ትዝ አላት። ወረቀቱ ቢጫ ነበር። እጇ የያዘችውን ብረት ለቀቀና ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

አሁን የላስቲክ ጫማው ኮቴ ተሰማ። አዋላጇ ገባች፤ እንደ ልማዷ የጨርቁን ክምር ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ ዛሬ ሻይ የለም እንዴ? ሞተሻል?»

«ገና ነኝ» አለች መርፌ።

አዋላጇ የመርፌን መታመም ሰምታ ነበርና ቀልዷ አፏ ላይ ደረቀ። «አፌ ይቆረጥ» አለች።

«እኅቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ጊዜ፣ ከረሜላ ያበላሽን ጊዜ፣ ያ መጥፎ ውጤት የማን ነበር?»

«የላቦራቶሪ ስህተት ነው ተባለ እኮ።»

«ሐኪሙ እንደዚያ አለ። አንቺስ ምን አልሽ?»

አዋላጇ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የክር ጥቅል አንስታ በጣቶቿ መካከል ታሽከረክረው ጀመር። ከግድግዳው ማዶ የማጠቢያው ከበሮ ይጮኻል። 

«አስቤው ነበር» አለች። «አንድ ጊዜ። ልብስ ስቀይር። ሁለት ናሙና በአንድ ካርድ ልኬ ነበር እኮ፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንቺ። ልቤ ቀጥ አለ። ስወጣ ግን አየሁሽ፤ የአንሶላ ጋሪ እየገፋሽ፣ ከጥበቃው ጋር እየተሳሳቅሽ፣ ፊትሽ ወዝ ጠግቦ። ይቺማ ጤነኛ ናት አልኩ። ብናገር ደግሞ ካርድሽን ለምን ሰጠሽ ይሉኛል። ነገ ዛሬ ስል... ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«ነቀዘ» አለች መርፌ። «እኔ ውስጥ ገብቶ ነቀዘ።»

አዋላጇ ተነስታ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። የመርፌን ጉልበት ይዛ «ክሰሺ! እኔንም ሆስፒታሉንም ክሰሺ። የፈለግሽበት ቆሜ እመሰክራለሁ፤ ልጄን ይንሳኝ!» አለች። መርፌ ልታነሳት ጎንበስ ስትል ሆዷን አመማትና ሁለቱም እዚያው ተያይዘው ቆዩ።

ወደ ጠበቃው የወሰደቻት ልጇ ናት። ልጇ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቁጡ ናት፤ ከንዴቷ የተነሳ የደንበኛ ራስ ላይ ሻምፖ እንዳለ ትታ ነው የመጣችው። የጠበቃው ቢሮ ከጎማ ጠጋኝ በላይ ነው። ከታች የአየር መንፊያው በጮኸ ቁጥር ጠበቃው ጣቱን አንስቶ ንግግሩን ያቋርጣል፤ ዝም ሲል ካቆመበት ይቀጥላል።

«እናቴ፣ በሽታው መኖሩ የነሱ ጥፋት አይደለም» አላት። «ጥፋታቸው ጊዜዎን መብላታቸው ነው። ሕግ ፊት የምንጠይቀው ስለዚያ ስለተበላው ጊዜ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤት ሄደን ካሳ እንጠይቅ ካልን፣ ናሙናው የእርስዎ እንደነበር ማሳየት አለብን። ቀጥሎ ያን ውጤት ይዘው ባለቤቱን አለመፈለጋቸውን። ውጤት ከሰማይ አይወርድም፤ የሆነች ሴት ገላ ነው። ያቺ ሴት አዋላጇ ካልሆነች ማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም፤ ይህን እኔ እከራከረዋለሁ። ያኔ ቢነገርዎት ኖሮ ይድኑ እንደነበር ደግሞ ሐኪም ይመሰክርልናል። የመጀመሪያውን ግን...» ጣቱ ተነሳ፤ መንፊያው ጮኸ፤ ዝም አለ። «የመጀመሪያውን ግን ከአዋላጇ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ትመሰክራለች። ምላልኛለች።»

«ጥሩ። ሌላው የጤና ባለሙያዎችን ጥፋት ለሚመረምረው የሙያ ጉባኤ አቤቱታ ማቅረብ ነው። እዚያ ካሳ የለም፤ ያጠፋውን ባለሙያ ያግዳሉ ወይም ፈቃዱን ይነጥቃሉ። ደግሞም ቁጭ ብሎ ከሆስፒታሉ ጋር መስማማት አለ። ይህ ፈጣን ነው፤ ሕክምናዎን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ግን ማንም 'ተሳስቻለሁ' አይልም።»

«እኔ የምፈልገው እሱን ነው!» አለች ልጇ ጠረጴዛውን መትታ። «ተሳስተናል ይበሉ! በአፋቸው!»

«እኔ ደግሞ መኖር ነበር የምፈልገው» አለች መርፌ ቀስ ብላ። «ሁለቱ አብረው አይገኙም?»

ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ወለወለው። «እንሞክራለን። ግን ይዘጋጁ፤ 'በሰው ካርድ አጭበርብራ የታየች' ይሉዎታል። ክስም ዕድሜ አለው። ጉዳቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ይርጋ መቁጠር ጀምሯል፤ ዘላለም አይጠብቀንም።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀና አለ። «በሰው ካርድ የታዩ ሌሎች ሴቶች አሉ?»

«ሞልተዋል። ልብስ ማጠቢያው በሙሉ።»

«ታዲያ የነሱስ ውጤት የት ነው ያለው?»

መርፌ ይህን አላሰበችውም ነበር። 

«ይንገሯቸው» አለ ጠበቃው። «ክሱ ይሁንም አይሁንም፣ በየስማቸው እንደገና ይታዩ። ደብዳቤያችን ሆስፒታሉ እስኪገባ ብቻ ይታገሱ፤ ወሬው ቀድሞ ከወጣ ምስክራችንን ያስደነግጡብናል። ከዚያ ግን ይንገሯቸው። ቃል ይግቡልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች መርፌ።

በማግስቱ የቆሸሸ ጋውን ልትለይ ልብስ ማጠቢያው ስትገባ ሸምበቆን በእንፋሎቱ መካከል አገኘቻት። ሸምበቆ ረጅምና ቀጭን አጣቢ ናት፤ ሳቋ ከማጠቢያው ድምፅ በላይ ይሰማል። መርፌ ምክንያቱን ሳትገልጥ «አንቺ፣ የማህፀን ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«እንዴ! በፋርማሲዋ ልጅ ካርድ ነዋ። አምና። አልጠሩኝም፤ ወፍራም ጤና ነው ያለኝ!»

«እስቲ ድጋሚ ታዪ።»

«ያን ቀዝቃዛ ብረት? ሁለተኛ? ጠላቴ ይታይ!» ብላ ሳቀችና እርጥቡን ብርድ ልብስ ታቅፋ ዞረች። መርፌ ጋውኖቹን መለየት ቀጠለች። ደብዳቤው እስኪገባ ነው፣ ደብዳቤው እስኪገባ፣ አለች ለራሷ።

ደብዳቤው ገባ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ የሆስፒታሉ የሕግ ክፍል ኃላፊ ለውይይት ጠራቸው። ከዚያ በፊት ግን በየኮሪደሩ በሰው ካርድ መታከም ከሥራ እንደሚያሰናብት የሚናገር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሴቶቹ አንብበው ማን አፉን እንደከፈተ ይጠያየቁ ነበር። መርፌ የምትነግራቸው ከውይይቱ በኋላ እንዲሆን ወሰነች፤ አንድ ላይ ሁሉንም ነገር ይዤ እሄዳለሁ አለች።

በኃላፊው ቢሮ የላስቲክ አበባና አዲስ የቆዳ ወንበሮች ነበሩ። መርፌ፣ ልጇና ጠበቃው በአንድ በኩል ተቀመጡ። አዋላጇ ገባችና፣ ከነሱ ጎን ባዶ ወንበር እያለ፣ ዞራ በኃላፊው በኩል ተቀመጠች። መርፌ ያኔውኑ ገባት። ቃሉን መስማት አላስፈለጋትም ነበር፤ ሰማችው እንጂ።

«ካርዴን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አለች አዋላጇ። ዐይኗ የመርፌ ኮሌታ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ላይ አላለፈም። «ያ ውጤት የላቦራቶሪ ስህተት ነበር። ተመርምሬ ነጻ ወጥቻለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ!» ብላ ልጇ ተነሳች። «እትብቴን በቆረጥሽበት እጅሽ! ጉልበቷ ላይ ወድቀሽ የማልሽ ማን ነሽ?»

«ጡረታዋ ደርሷል» አለች መርፌ የልጇን ቀሚስ ይዛ እያስቀመጠች። «ቁጭ በይ።» ይህን ያለችው ለመራራት አልነበረም። እንደሚያውቁት ነገር፣ እንደ አየር ሁኔታ ነው የተናገረችው።

ኃላፊው ለሁሉም ውሃ ቀዳ። ለስላሳ ሰው ነበር። «ሆስፒታላችን ጨካኝ አይደለም» አለ። «እናት ለረጅም ጊዜ አብረውን ሠርተዋል። በበጎ ፈቃድ፣ እንደ እርዳታ፣ የጨረር ሕክምናቸውን በሙሉ እንሸፍናለን፤ ወረፋውንም እናስቀድማለን። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመር ይችላሉ።» ከዚያ ወረቀት ገፋ። በወረቀቱ መሠረት መርፌ ከአሁኑ ሕመሟ በፊት በዚህ ሆስፒታል ተመርምራ እንደማታውቅ ታረጋግጣለች። ክስ አታቀርብም። ስለ ካርድም ሆነ ስለ ምርመራ ለማንም አትናገርም።

ኮሪደር ላይ ወጥተው ቆሙ። አንድ ባዶ አልጋ እየተገፋ በመካከላቸው አለፈ።

«እንክሰስ ካሉኝ እከሳለሁ» አለ ጠበቃው። «የላቦራቶሪውን ሰው፣ ሐኪሙንም በመጥሪያ እናስቀርባለን። አዋላጇ በመሐላ ስትጠየቅ ልትሰበር ትችላለች። ግን ረጅም ነው።»

«ምን ያህል ረጅም?»

«የእርስዎን ጊዜ ያህል። ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

ልጇ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። «አትፈርሚ እማዬ፤ የውሸት ወረቀት ነው። በፊርማሽ አንቺ ራስሽን ውሸታም ልታደርጊ ነው?»

«የኔ ልጅ» አለች መርፌ፣ «ከእውነት ጋር ከምቀበር ከውሸት ጋር ልኑርልሽ።»

ጠበቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ይወቁ። 'ለማንም' ይላል፤ ሠራተኞቹንም ይጨምራል። ያቺን ቃል ላስወጣት ሞክሬ እንቢ አሉኝ። ፍርድ ቤት ፊት ላትጸና ትችላለች። እዚያ እስክንደርስ ግን ሕክምናዎን በማግስቱ ሊያቋርጡ ይችላሉ።»

 የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አለች መርፌ በልቧ። ተመልሳ ገባችና ፈረመች። ስሟን ስትጽፍ ኃላፊው «ጎበዝ» አላት፤ እንደ ሕፃን።

የጨረር ክፍሉ ከአዲሱ ሕንፃ ሥር ነው። ከዋናው በር ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በልብስ ማጠቢያው ጎን ያልፋል፤ ሰው ሁሉ የሚሄደው በዚያ ነው። ኮንትራክተሩ ታመሻል ብሎ አሰናብቷት ነበርና መርፌ አሁን በዚያ የምታልፈው እንደ በሽተኛ ነው። ማሽኑ ከበላይዋ ሲዞር አይሰማትም፤ ቆይቶ ነው ቆዳዋ የሚለበልባት፣ ሆዷ የሚገለበጥባት። ያም ሆኖ መድማቱ ቀነሰ። ሐኪሙ «እየሠራ ነው» አለ፤ ልጇም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከአዋላጇ ጋር አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኙ። አዋላጇ «እንዴት ነሽ?» አለች። መርፌ «ደህና» አለች። ሁለቱም አልቆሙም።

ልብስ ማጠቢያው በር ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ እንፋሎቱ መንገዱ ድረስ ይወጣል፣ ሳቁም። ዛሬ እገባለሁ እያለች ከቤት ትወጣለች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ኃላፊው የገፋላት ወረቀት በዐይኗ ይመጣል፤ ከዚያ ማሽኑ፣ ከዚያ የልጇ ሳቅ። ትናንት ሸምበቆ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ።

«መርፌ! ነይ እንጂ፣ ሻይ ጠጪ! ምነው ደርሰሽ እንደ ባዕድ የምታልፊን?»

«ምን ሆነሽ ነው ወገብሽን የያዝሽው?»

«ምንም። ሰሞኑን ወገቤን ይለኛል፣ ከሆዴም ወደ ታች። ብርድ ልብስ ማንሳቱ ነው። ነይ ግቢ!»

መርፌ አንድ እርምጃ ወደ በሩ አለች። እንፋሎቱ ፊቷን መታት። አፏንም ከፍታ ነበር።

«ተራዬ ደርሷል» አለች። «ስመለስ።»

ስትመለስ በጓሮ፣ በአስከሬን ክፍሉ በኩል ዞራ ወጣች። ለሸምበቆም፣ ለሌሎቹም ገና አልነገረቻቸውም።